ስለ እናቴ ምድጃና ስለ ሁለት ከተሞች የጓሮ ቤት ሕግ

ለክቡር ሚስተር ጎርደን ዊትኮም
የሳን ቴልሞ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም በማንም አቤቱታ ያልተቋረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስሜ ዴልፊና ማቻዶ ይባላል። ጓሮዬ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰማንያ አራት ዓመት እናቴን አሜሊያን አኖራለሁ። መሥሪያ ቤትዎ በሯ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፎ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልለቀቀች በኃይል እንደምትወጣ ስላስታወቀን፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛ፤ ከጓሮዬ በስተጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ የእርስዎን ከተማ ከሚራ ክሪክ ከተማ ይለያል። በወዲያኛው በኩል ጎረቤቴ ሆሊስ ትራስክ ለልጁ የጓሮ ቤት ለመሥራት ጠይቆ በሰባት ሳምንት ፈቃድ አገኘ፤ ከአጥሩ አራት ጫማ ይራቅ ተባለ፣ አበቃ። እኔ ግን ለእናቴ ብጠይቅ ከየአጥሩ አሥር ጫማ እንድርቅ፣ መኪና ነድታ ለማታውቅ እናቴ የመኪና ማቆሚያ እንዳዘጋጅ፣ ንድፉንም ሦስት ጊዜ እንዳስለውጥ ታዝዤ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከለከልሁ። ጓሮዬ በጠቅላላው ሃያ ሁለት ጫማ ስፋት አለው። አሥሩን ከዚህ፣ አሥሩን ከዚያ ስቀንስ ለእናቴ የሚተርፋት ሁለት ጫማ ነው። ለሬሳ ሣጥን ይበቃታል ብለው ከሆነ አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። ገና ውሳኔዎ ሳይመጣ እሷ ወድቃ ዳሌዋን ስትሰበር ግን ፈቃዱን መጠበቅ አልቻልሁምና ጓሮ ያለውን የመኪና ማደሪያ ክፍል አድርጌ አስገባኋት። ጥፋቴን አልክድም።

ሁለተኛ፤ ሕግዎ ምድጃ የሌላትን ክፍል ዕቃ ቤት ይላታል፤ ምድጃ የገባባት ዕለት ሕገወጥ መኖሪያ ትሆናለች። ስለዚህ በሰፈራችን ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ከተባለ የየጓሮው ምድጃ ሁሉ አጥርና መንገድ ተሻግሮ፣ የእርስዎ ሥልጣን በማይደርስበት በሆሊስ ጓሮ ይሰነብታል። ባለፈው ዓርብ ዘጠኝ ተደርድረው ነበር። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርሁ የእናቴን ሊወስድ የመጣው ሆሊስ ራሱ ነው። “እኔ ሌባ ነኝ እንዴ ዕቃዬን የምደብቀው? ዞር በልልኝ!” ብላ መለሰችው። ተቆጣጣሪዎ ሲደርስም “ና ግባ ልጄ፣ ፊትህ ገርጥቷል፤ ቁርስ አልቀመስክም መሰለኝ” ብላ የጎመንና የባቄላ ሾርባዋን አቀረበችለት። ሁለት ሳህን ጠጣ። “እማማ፣ እዚህ ነው እንዴ የሚያበስሉት?” አላት። “ታዲያ የት ላበስል? እዚሁ አበስላለሁ፣ እዚሁ እተኛለሁ፣ እግዜር ካለም እዚሁ እሞታለሁ” አለችው። አፉን ጠርጎ፣ በትሕትና አመስግኖ ወጣና ወረቀቱን ለጠፈ። ሠራተኞችዎ ጨዋ መሆናቸውን በዚህ አረጋግጫለሁ።

ሦስተኛ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ምድጃዋን አላበራችም። ልጄን አሳስራታለሁ ብላ ፈርታ ቀዝቃዛ ዳቦ ትበላለች፤ ውጭ የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ተነሥታ ሻንጣዋ ላይ ትቀመጣለች። ትናንት በሰፈሩ ሌሎች አራት በሮች ላይ ቀይ ወረቀት ቆጠርሁ። ማን ጠቆመ እየተባባሉ ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ትተዋል፤ የእኔንም አጥር ቆም ብለው የሚያዩ አሉ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ቀኑ ሳይደርስ የምትሞትብኝ ይመስለኛል።

ለሁለት ጫማ ቸርነትዎ ውለታዎን የማልረሳ፣
ለጊዜው ነዋሪዎ፣
ዴልፊና ማቻዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀዩ ወረቀት በተለጠፈ ማግስት ከከንቲባው ጽሕፈት ቤት ለእናቴ ሌላ ደብዳቤ ደረሳት። በከተማው ሃምሳ ዓመት ስለኖረች የክብር የምስክር ወረቀት ሊሰጣት ነውና በቀጣዩ ወር የሚላክበትን የመኖሪያ አድራሻ እንድትሞላ ይጠይቃል። ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ስሟን ራሷ ጽፋለች፤ የአድራሻውን ቦታ ግን ባዶ ትታዋለች። እባክዎ እርስዎ ይሙሉላት።