ደሙ ከልብ ወጥቶ የት እንደደረሰ ስላልተነገራት ተማሪ

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? አዲሱ ወንበርዎ ለወገብዎ ተስማምቶ እንደሆነ ከልብ እየጠየቅሁ፣ እኔ ለዐይነ ስውራን ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ እየቀዳሁ በበጎ ፈቃድ ሳገለግል የቆየሁ፣ የዲግሪዬ ቀለም ገና ያልደረቀ ወጣት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ፤ በግል ያመለከትኩት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏልና።

አንደኛ፣ ስለ ለውጡ አመሰግናለሁ። የመቅጃ ክፍላችን ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች፤ ድምፅ እንዳታስተጋባ ግድግዳዋን ከየቤታችን ባመጣነው ብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ጎረቤት ያለው ብረት በያጅ ለምሳ እስኪወጣ አድፍጠን እንቀዳባት ነበር። ዛሬ ብርድ ልብሱ ተነሥቶ፣ ግድግዳዋ መስታወት ሆኖ፣ «የስትራቴጂ ክፍል» ተብላለች። ዐይነ ስውራንን ለሚያገለግል ድርጅት ከመስታወት ግድግዳ የበለጠ ምን ሊያስፈልገው ይችላል?

ሁለተኛ፣ «የበጎ ፈቃደኞችን ተስፋ በልኩ ማድረግ» በሚል ርዕስ ላዘጋጁልን ሥልጠና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ምንም እንዳንጠብቅ ሊያስተምሩን የመጡትን አሰልጣኝ ግማሽ ቀን ጠበቅናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እዚሁ እቀጠራለሁ የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ እናቴንም «ዛሬ ነገ ነው» እያልኩ ሳባብላት ከርሜያለሁ። የእኔን ተስፋ እንደታዘዝኩት በልኩ አድርጌዋለሁ፣ አሁን ኪስ ውስጥ ይገባል። እናቴ ግን ሥልጠናውን ስላልወሰደች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ትተኩሳለች።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ቀልድም አልመጣልህ ብሎኛል። የባዮሎጂ መጽሐፍ የምቀዳላት አንዲት ተማሪ አለች። ክፍሉ የተዘጋብን የደም ዝውውር ምዕራፍ መሃል ላይ ስንደርስ ነው። ደሙ ከልብ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ ግን እስካሁን አልሰማችም። ፈተናዋ ደጃፍ ላይ ነው። ትደውልና «ወንድምዬ፣ ቀሪው መቼ ነው?» ትለኛለች፤ እኔም «በቅርቡ» እላታለሁ፤ እርስዎ እኔን እንደሚሉኝ ማለት ነው። መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቷል። በስልኬ እንድቀዳው የድርጅታችንን ቅጂ አውሱኝ ብል «ንብረት ቆጠራ ላይ ነን» ተባልኩ። አሰልጣኙ የራሴን ተስፋ መቀነስ አስተምረውኛል፤ የእሷን እንዴት እንደምቀንስ ግን አልነገሩኝም፣ ቢነግሩኝም አንጀቴ አይችልም።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ሆይ፣ ሥራው ይቅርብኝ፤ የምስክር ወረቀቱም ይቅርብኝ። ስብሰባ በሌለበት ሰዓት ክፍሉንና መጽሐፉን ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ወንበር እንኳ አልነካም፣ ጠረጴዛው ሥር ተኮራምቼ አነባለሁ። በሚወዱት ይሁንብዎ! ፈተናው የእኛን ለውጥ አይጠብቅም።

ለመስታወቱ ንጽሕና ዘወትር የሚጨነቅ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊያሰናብቱት የሚችሉት፣ ነገር ግን ቀጥረውት ስለማያውቁ የሚቸገሩበት ታዛዥዎ፣
የቀድሞው የመጥረጊያ ክፍል አንባቢ

ማስታወሻ፦ ተማሪዋ በእኔ «በቅርቡ» ተስፋ ቆርጣ ትናንት ራሷ ቢሮዎ ደውላ ነበር። ጸሐፊዎም በታላቅ ትሕትና፣ ስለ ክፍሉ መዘጋት የወጣው ማስታወቂያ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ስለተለጠፈ መጥታ እንድታነበው ነገረቻት። መጣች። የበሩ ጥበቃ አጠገቧ ቆመው፣ «ለውጡ ለእናንተው ነው» እስከሚለው ድረስ አንድም ቃል ሳይዘሉ አነበቡላት። በድርጅታችን የቀሩት አንባቢ እሳቸው ብቻ ናቸውና፣ እባክዎን እሳቸውን እንኳ ለውጡ እንዳይደርስባቸው።