አንበሴ ሙክት አይደለም

ኃይለሚካኤል ወንድሜ፣

ወደ ሥራ ሄጃለሁ፤ አንበሴን አደራ። ትናንት አንተ «ወንድ ልጅ ይህን አያይም» ብለህ ከሐኪሙ በር ስለተመለስክ፣ የታዘዝኩትን ልንገርህ።

ውሻው ከተኮላሸ ገና ማደሩ ስለሆነ አታሯሩጠው። እንዳይልስ አንገቱ ላይ እንደ ቀፎ የታሰረውን ላስቲክ «አሳዘነኝ» ብለህ እንዳታወልቅለት፣ ቁስሉን ይልሰዋል። ቁስሉ በሙቀት እንዳያመረቅዝ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዙር፤ አንተ ላብህን ጥረግ።

ጮማ ማብላቱንም ተው። የተኮላሸ ሁሉ ሙክት አይደለም፤ ለፋሲካ አናርደውም።

በሩ ላይ ስትመለስ ሐኪሙ ፊት የተናገርኩህ ነገር...
እንግዲህ ተወው። ከአርሂባ ሰፈር ሁሉ ጋር አማች ያደረገን ውሻ ቢያንስ ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ያድራል።

ሚስትህ ከድሬዳዋ ደውላ የት እንደምታመሽ ጠይቃኝ ነበር። ወሬ ለማስቀየር ስለ አንበሴ ነገርኳት። የሐኪሙን ስልክ ላኪልኝ አለች።

ደብሪቱ