ተዘቅዝቆ የተለጠፈው ጋዜጣ

ሰኞ፣ የካቲት 4። ከሰዓት በኋላ

ብሩሾቼን እያጠብኩ ነው። ውሃው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ የጭቃ መልክ። ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ለአንቺ ልንገርሽ፣ ደብተሬ፦ ትርሲት ከዚህ ቤት በፈቃዷ አልሄደችም። እኔ ነኝ ያስወጣኋት።

ይኸው ጻፍኩት።

ለምን ዛሬ? በጋሽ ዘውዱ ምክንያት። ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ናቸው። ፒያሳ ካለችው የፍሬም ሱቃቸው ጓሮ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ለእኛ ለሰፈር ሴቶች የውሃ ቀለም ያስተምራሉ። ዛሬ ኮላጅ ጀመርን። ወረቀት ቀድዶ መለጠፍ፣ በላዩ ቀለም ማፍሰስ። የተገዛ ወረቀት እንዳላይ፣ ከየቤታችሁ አሮጌ ወረቀት ይዛችሁ ኑ አሉ።

የእኔ ቤት ግድግዳው ሁሉ ጋዜጣ ነው። ፋሲካ በመጣ ቁጥር በዱቄት ሙጫ እንለጥፍ ነበር፣ በአሮጌው ላይ አዲስ። ከኩሽናው በኩል እልጣለሁ። ከአልጋው በላይ ያለውን አልነካም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ጠዋት በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። እዚህ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከእኛ በታች ያሉት ቤቶች ባዶ ናቸው። ሊፈርስ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ አሉን። በቁጥሩ ስር አለፍኩና ወደ ትምህርቴ ሄድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

የላጥኩትን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አብራኝ የምትማረው ሮማን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ማኪያቶ ስትሠራ የኖረች ናት፣ ምላሷ አሁንም ትኩስ ነው። "እትዬ አስካለ፣ ቤቱን እርስዎ ልጠው ከጨረሱት አፍራሾቹ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጋሽ ዘ. ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ጢሱን፣ ቡናማውን። ይህን መልክ ማንም ቀላቅሎ አያገኘውም አሉ። ከዚህ የቆየ አለሽ ወይ? አለ አልኩ፣ ከአልጋዬ በላይ። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9። ጠዋት

ትርሲት ከገርጂ ደወለች። የባሌ የግርማ ልጅ ናት፣ ከፊተኛዋ ሚስቱ። እናቷ ሞታ ነው እኔ የገባሁት። አሁን እሷም የልጆች እናት ናት። የቤቱን ነገር ሰምታለች። የሚመጣው ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል፣ ቀለምዎን እንዳይረሱ አለችኝ። አመሰገንኳት። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "አባባ እንኳ አልፈለገኝም። እርስዎ ግን በየበዓሉ ቀሚስ ይልኩልኝ ነበር። አልረሳውም።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዬ አላነሣሁትም።

ስድስት ዓመቷ ነበር። የእናቷ ፎቶግራፍ የላትም። ከአልጋው በላይ፣ ኖራው ላይ፣ በከሰል እናቷን ሳለች። ክብ ፊት። ትልልቅ ዓይን። ጉትቻ በቀኝ በኩል ብቻ። ማታ ማታ ደህና እደሪ ትላታለች። እኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ በተኛሁ ቁጥር ያቺ ሴት ታየኛለች። ፋሲካ ደረሰ። ጋዜጣ ለጠፍኩባት። ሰው ሁሉ ይለጥፋል፣ ማን ምን ይለኛል?

ልጅቷ አላለቀሰችም። መጥታ ጋዜጣውን በመዳፏ ዳሰሰችው። በነጋታውም። በነጋታውም። ያን መዳፍ ማየት አቃተኝ። ለግርማ፣ አያቷ ዘንድ መሄድ ትፈልጋለች፣ አንተን ፈርታ ነው የማትነግርህ አልኩት። አመነኝ። እንደ ፈለግሽ ብሏት ወሰዳት። እሷ አባቴ ጣለኝ አለች። እሱ ልጄ ጠላችኝ እንዳለ ሞተ። እኔ በመካከላቸው ቀሚስ እልክ ነበር።

አሁን በቤቷ ልታስጠጋኝ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ሌሊቱን ሙሉ ያ ግድግዳ ሲወድቅ ሰማሁ። ስነሣ ቆሟል።

ጋሽ ዘ. ዛሬ ማንሣት አስተማሩን። የደረቀ ቀለም በንጹሕ ውሃ ይርሳል፣ ይጠበቃል፣ በጨርቅ ይነሣል። የተለጠፈ ወረቀትም እንዲሁ። በጥፍር መፋቅ የለም። "ውሃው ይሥራ፣ እጅ ይረፍ" ይላሉ።

ከወረቀቱ ሥር የከሰል ሥዕል ቢኖርስ? ብዬ ጠየቅኳቸው። ከሰል አይታመንም፣ በትንፋሽም ይሄዳል አሉ። ሮማን የሚያሙት ባሏን እንደሆነ ጠረጠረች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ውሃዬን እያየሁ ቀረሁ።

ካልነካኋት ከግድግዳው ጋር ትፈርሳለች። ከነካኋት በእጄ ትጠፋለች። እስከ ቅዳሜ ነው ያለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አልጋውን ስቤ ጀመርኩ። ስፖንጅ፣ ሳህን ውሃ። ላይኛው ንጣፍ በቀላሉ ተነሣ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ማንበብ የተማርኩት እዚህ ግድግዳ ላይ ነው፣ ተጋድሜ። ግ. ፊደሉን በጣቱ እያሳየኝ። የተቀደደ ወሬ፣ ቀጣዩ ገጽ የሌለው። የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ፊደሉ ተዘቅዝቋል። እሷን ስሸፍን ማንበብ አልችልም ነበርና ገልብጬ ለጠፍኩት። ግ. ሲያየው ሳቀ። ይህን ለማንበብ በጭንቅላት መቆም ነው አለኝ። ፊደል ልቁጠር ያልኩት በዚያ ሳቅ አፍሬ ነው።

6 ሰዓት

ደረስኩ። ፊደሉ ሁሉ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሏል። ስፖንጁን አስቀመጥኩ። አልችልም።

9 ሰዓት

አነሣሁት። ሥሩ ባዶ ነው። ኖራ የለም፣ ከሰል የለም። የረጠበ ጭቃና ጭድ ብቻ። ውሃ አበዛሁ። የጭቃ ቤት ውስጥ ኖሬ፣ ጭቃ ውሃ እንደማይችል እንዴት ይጠፋኛል? ሁለተኛ ገደልኳት። ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ጎረቤት በር አንኳኳ፣ አልከፈትኩም።

10 ሰዓት ተኩል

ወረቀቱን ልጥለው አነሣሁት። ከበደኝ። ገለበጥኩት።

አለች። ኖራው ከነከሰሉ ከወረቀቱ ጀርባ ጋር ተጣብቆ መጥቷል፤ ርሶ ስለ ሳሳ ከሰሉ በውስጡ ይታያል። ዓይኖቿ። ክቡ ፊት። ከጀርባ ስለማያት ጉትቻዋ ወደ ግራ ዞሯል፣ ሌላው እንዳለ ነው። እኔው የቀባሁት ሙጫ ይዟታል።

መተንፈስ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የምጽፈው።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

በትሪ ላይ አጋድሜ፣ በአንሶላ ሸፍኜ፣ እስከ ፒያሳ በእግሬ። ታክሲ ያንገጫግጫል። ጋሽ ዘ. እንደ ጭጋግ የቀጠነ ሙጫ ረጩባትና አደረቋት። ካርቶን ላይ እንለጥፋት፣ በየትኛው በኩል? አሉኝ። ሮማን የጋዜጣውን ወገን ወደደችው። "የተዘቀዘቀው ይሻላል እትዬ፣ ፊቷማ ያስፈራል። ልክ ልታናግር ያለች ትመስላለች።"

ደብተሬ፣ አልዋሽሽም። እሺ ልል ነበር። ፊቷ ወደ ካርቶኑ፣ ጋዜጣው ወደ ሰው። በላዩ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም። ገርጂ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ትርሲት እንግዳ ሲመጣ የእትዬ ሥራ ነው ትላለች። ማንም አያውቅም። ሙጫው ተዘጋጅቷል። ብሩሹ በእጄ ነው።

ጋሽ ዘ. ማን ሣላት? ብለው ጠየቁ።

ልጄ አልኩ። ትርሲትን እንዲህ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ብሩሹን አስቀመጥኩ። ፊቷ ወደ ላይ ይሁን አልኳቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 15። ከሰዓት

ዕቃ እየቋጠርኩ ነው። አንድ ሻንጣ፣ ቀለሞቹ፣ ካርቶኑ በአንሶላ። ሥዕሉን ብቻ ብሰጣትስ? ከጋዜጣ ሥር አገኘሁት ብል፣ ታለቅሳለች፣ ታቅፈኛለች። ይህ ደግሞ ሦስተኛ መሸፈን ነው። አባቷ እንዳልጣላት ማን ይነግራታል? የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

እፈራለሁ። ይህን የጻፍኩትን አንብባ መኪናዋን ብታዞር፣ የምሄድበት የለኝም። በሩ ላይ ያለው ቁጥር አይጠፋም። ምናልባት ገርጂ ከደረስን በኋላ፣ ምናልባት ከክረምት በኋላ እላለሁ። አይሆንም። አልጋዋ ላይ ተኝቼ፣ እንጀራዋን በልቼ ከሆነ ያው የድሮዋ እኔ ነኝ።

ገጾቹን ከስፌቱ ቀስ ብዬ እያወጣኋቸው ነው፣ ይህኛው የመጨረሻው ነው። ነገ፣ ሻንጣዬ ገና ከደጃፉ ሳይነሣ፣ ከነሥዕሉ፣ በሁለት እጄ

ለትርሲት ግርማ።