የእህል ቤቱ ርክክብ

ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻ ዓ.ም.፣ አሶሳ

ሥራው ለእኔ ሆነ። ሹሙ ሦስታችንን ግንበኞች ዛፉ ሥር አቁሞ ጠየቀን። የመንግሥት እህል የሚገባበት ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው... ማን ቶሎ ያደርሳል? የወለጋው ሰውዬ ለመስከረም አለ። ባቢከር ክረምቱ ይለፍ አለ። እኔ ክረምት ሳይገባ አልኩ። ይቺ ምላሴ መቼም አታርፍም።

ዋስ ጥራ ሲለኝ ዞር ብዬ አለነን አየሁት። የሚስቴ የየዝና ወንድም፣ በቅሎ ነጋዴው። እንዲሁ ሊያይ ነበር የመጣው። "ምን ያስጨንቅሃል፣ እኔ አለሁ" ብሎ ወጣ።

ቤት ገብቼ ስነግራት የዝና አልተደሰተችም። "ወንድሜን ለድንጋይ ዋስ አደረግኸው?" አለችኝ። ሳቅሁባት።

ጥር ፭ ቀን

መሠረቱ ወጣ። ኻሚስን የሠራተኞች አለቃ አድርጌዋለሁ። እዚሁ አጠገብ ካለው መንደር ነው፣ የበርታ ገበሬ። ሰዎቹን በአንድ ቃል ያሰልፋቸዋል፣ በእኔ ግን ይቀልድብኛል። "ዋኘው፣ አንተ ሥራ ላይ ዘፈን የለም። ለዚያ ነው ድንጋይ ለአንተ ከባድ።"

እውነት ይሆን? ነገ ልሞክር።

የካቲት ፲፱ ቀን

ግድግዳው ትከሻዬ ደረሰ። በነፋሱ በኩል መስኮቶች ተውኩ፤ እህል አየር ካላገኘ ይሻግታል። ጥሩ ግንብ ነው። ሌላ የሚያመሰግነኝ ከጠፋ እኔው ላመስግን።

መጋቢት ፳፭ ቀን

ንዳድ ጥሎኝ ነበር። ኻሚስ ሥራውን አላቆመም። ሚስቱ ብኸይታ የማሽላ ገንፎ ስትልክልኝ ሰነበተች። ስነሣ ጣሪያው በቀርከሃ ተማግሮ አገኘሁት።

ሚያዝያ ፲፯ ቀን

አለቀ። ክዳኑ ታሰረ፣ በሩ ተገጠመ። ሹሙ ነገ ይረከበኛል። የዝና ነጠላዬን አጥባልኛለች።

ሚያዝያ ፲፰ ቀን

ሹሙ ተሻረ።

ስደርስ ጓዙ ተጭኗል። የበቅሎውን ልጓም ይዤ ለመንኩት። "ጌታዬ፣ ቤቱን ይረከቡኝና ይሂዱ፤ አንድ ቃል ብቻ።" "የየት አገር ሹም ሆኜ?" አለኝ። ልጓሙን ለቀቅሁ።

ግንቦት ፪ ቀን

አዲሱ ሹም "እኔ እህል ቤት አላዘዝኩም" አለ። ላዘዘህ አስረክብ አለኝ። ያዘዘኝማ ሄዷል። ጸሐፊው ደግሞ ከጎኑ ሆኖ፣ ያላስረከበ ሰው ውሉን አልፈጸመም፣ ውሉን ያልፈጸመ ሰው ዋሱ ይያዛል ይላል። ቤቱን ካላዘዘው ዋሱን በምን አወቀው?

ማንን ልጠይቅ... አለነን ከበቅሎዎቹ መካከል አውጥተው ከአንድ አሽከር ጋር አቆራኙት። እጅ ለእጅ፣ በሰንሰለት።

ግንቦት ፱ ቀን

የዝና ምግብ ታመላልሳለች። እኔን አታናግረኝም። ዛሬ አብሬያት ሄድኩ። የአለነ አንጓ አብጧል፤ ብረቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። አሽከሩ በተነሣ ቁጥር ይነሣል፣ በተኛ ቁጥር ይተኛል። "ሚስት ያገባሁ ይመስለኛል። መቆራኘቱንስ እችለው ነበር፣ ያንኮራፋል እንጂ" አለኝ። አሽከሩም ሳቀ። ከዚያ አለነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዋኘው፣ መቼ ነው የምፈታው?" አለ።

አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ አላውቅም።

ግንቦት ፲፬ ቀን

ዝናቡ ጀመረ። ሹሙ ቤቱን ሊያይ መጣ። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ "መስኮቶቹን ድፈናቸው። የበሩን መወርወሪያ በውጭ በኩል አድርገው። ያን ጊዜ እረከብሃለሁ" አለኝ።

"ምን ሊገባበት ነው ጌታዬ?"

"የወርቅ ግብሩን ያላገባ መንደር መያዣ ሰው ይሰጣል። መያዣው ማደሪያ ያስፈልገዋል።"

እሺ ብያለሁ። እንዴት ብዬ እሺ እንዳልኩ አላስታውስም።

ግንቦት ፲፭ ቀን

የትኛው መንደር እንደሆነ አልነገረኝም። የሩቅ ይሆናል... ወደ ኩርሙክ በኩል ያሉት ይሆናሉ። ወይ ወርቁን ያገቡና ማንም አይታሰርም። የዝና ዛሬ አናገረችኝ። "ወንድሜን አውጣልኝ" አለች። ሌላ ምንም አላለች።

ግንቦት ፲፮ ቀን

ከኻሚስ ጋር መስኮቶቹን ደፈንን። ዝናቡ ጭቃውን አቀጠነው፣ ድንጋዩ በደንብ አልያዘም። ግድ አልሰጠኝም። በሩ ጋ ስንደርስ ኻሚስ መወርወሪያውን ይዞ ቆመ።

"ዋኘው፣ ይሄ ውጭ ነው የሚሆን። እህል ይሸሻል?"

ለሌባ ነው አልኩት።

"ሌባ እኮ ውጭ ነው ያለ።"

ትንሽ አየኝና ወደ ጭቃው ተመለሰ። ገንፎውን የበላሁትን ሰው ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። አፈርኩ። ግን አለነ በሰንሰለት ነው... ምን ላድርግ?

ግንቦት ፳ ቀን

ርክክብ ሆነ። ሹሙ አንድ አሽከር ከውስጥ አስገብቶ ዘጋበትና ግፋው አለው። በሩ አልተነቃነቀም። "ሠርተሃል" አለኝ። ጸሐፊው ደግሞ ጨመረ፤ እስከ ዓመት ድረስ የተበላሸውን እጠግናለሁ፣ የአለነም ዋስነት እስከዚያ አይወርድም።

አለነ ተፈታ። የዝና እጁን በለብታ ውሃ እያጠበች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ለሌላ ነገር ግን።

ሰኔ ፪ ቀን

መያዣዎቹ ገቡ። የኻሚስ መንደር ሰዎች ናቸው። ኻሚስም አለበት።

ብኸይታ ግድግዳው ሥር ዝናብ ላይ ተቀምጣለች። በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።

ሰኔ ፲፩ ቀን

የአንድ ሽማግሌ ሬሳ ወጣ። ዘበኛው ውስጡ ትንፋሽ የለውም ይላል። አዎ፣ የለውም። እኔ ነኝ የደፈንኩት።

ሹሙ እግር ላይ ወደቅሁ። ኻሚስን ይፍቱልኝ፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ አልኩ። "አንተ ራስህ በዋስ የቆምክ ሰው ነህ፤ ለማን ትዋሳለህ?" አለኝ። አሽከሮቹ ሳቁ። ስተኛ ድንጋይ ደረቴ ላይ የተጫነ ይመስለኛል።

ሰኔ ፲፰ ቀን

ጠዋት ተጠራሁ። ከተደፈኑት መስኮቶች አንዱ ከውስጥ ተቦርቡሯል፤ ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ። ዛሬውኑ ድፈን፣ ቢያመልጡ ዋስህን ነው የምይዘው አለኝ ሹሙ። አለነ ጭቃ፣ ጭድና ድንጋይ የሚያቀብለኝ ሆኖ አብሮኝ መጣ። ሌላ ሠራተኛ ከየት አመጣለሁ? ሠራተኞቼ ውስጥ ናቸው።

ስንገባ ዘበኞቹ ሰዎቹን ወደ ማዕዘን ገፍተው፣ ሽታውን ሸሽተው በሩ ላይ ቆሙ። ኻሚስ ከስቷል። ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ አለ።

"ብኸይታ ደህና ናት?" አለኝ።

"ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ።"

የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አለነ ድንጋይ አነሣና ዘረጋልኝ። አንጓው ላይ ቁስሉ ገና አልሻረም። አልተቀበልኩትም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። አየኝ፣ ኻሚስን አየ፣ ቀዳዳውን አየ። ላስረዳው አልቻልኩም፤ ዘበኞቹ ይሰማሉ። አንገቱ ነው የተያዘው፣ እንቢ ቢል ምን እለዋለሁ?

ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ጭድ አፍሶ አቀበለኝ።

ጭድና ጭቃ ብቻ ሞላሁበት፤ በዙሪያው ያለውም ድንጋይ በእጅ ተገፍቶ የሚወጣ ነው። በላዩ አለስልሼ መረግሁት። ዘበኛው መጥቶ አየና ጥሩ ነው አለ። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ክፉ ግድግዳ ሠርቼ አላውቅም። ኻሚስ እጄን ሲያይ ነበር።

መንገድ ላይ አለነ "በቅሎዎቹን ልጫን?" አለኝ።

"ጫን" አልኩት።

ይህን ስጽፍ የዝና ዕቃ እየጠቀለለች ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።