ዋሆሜ፣ መኪናህን አስነሳ

ውድ ዋሆሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ካቱሬ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስላለችኝ ነው። ለእኔ ቢተውልኝ «አንተ ደላላ» ብዬ ነበር የምጀምረው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ሚስት ካቱሬ ትጽፋለች። ስድቡን ዘላ እንዳታልፍ አስምያታለሁ።

ነገሩን ከራሱ ልያዘው። ትናንት ካቱሬ ስትደውልልህ «በሩን ዘግቶ ለተደበቀብኝ መንደር አልጭንም» ብለህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋኸው። እኛ ሙዛችንን ከመንደር እስከ አስፋልቱ የሚያወርድልን መኪና አጥተናል። የገበሬ ማኅበራችን ሥራው ላንተ እንዲሰጥ ተስማምቷል። እስከ ዓርብ ጠዋት መኪና ካላቀረብን ሙዛችንን የሚገዛው የናይሮቢ ኩባንያ ትእዛዛችንን ለማዶው መንደር ይሰጠዋል፤ አንዴ የሄደ ትእዛዝ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። አንተ ግን ታኮርፋለህ። ስድሳን ያለፈ ሰው ሲያኮርፍ አያምርበትም፤ ይህን የሚነግርህ ከጠፋ እኔ ልንገርህ።

ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ አንተ ነህ። ያኔ ሙዝ ልትገዛን ስትመጣ፣ ማክሰኞና ዓርብ የአይሱዙህ ጩኸት ካንተ ቀድሞ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ወርደህ ሱሪህን ወደ ላይ ትስብና ዘለላዬን በጥፊ ትመታዋለህ፤ «ሽሜ» ትለኛለህ፣ ሽማግሌ ማለትህ ነው።

«ሽሜ፣ ይሄ ሙዝ ነው ወይስ የሙዝ አጽም?»

«አጽሙስ አንተ ነህ። ዓይንህን ታጠብና ደግመህ እየው።»

«ይህን ይዤ ናይሮቢ ብገባ ፖሊስ ይይዘኛል።»

«ፖሊስ አንተን ለመያዝ ሙዝ አያስፈልገውም።»

ባለቤቴ ንካታ ሻይ በወተት ይዛ ትመጣለች። አንተም እየጠጣህ ትሰርቀኛለህ። እየጠጣህ! ትልቁንም ትንሹንም ዘለላ በዓይንህ ገምተህ በአንድ ዋጋ ትወስደዋለህ። ናይሮቢ ስንት እንደሚሸጥ እኔ አላውቅም፤ እንደማላውቅ ደግሞ አንተ ታውቃለህ። የንግድህ ሥሩ እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ግን አውቃለሁ። ናይሮቢ ያሉ የጉሊት ሴቶች የሚፈልጉትን ሙዝ ማታ ስልካቸው ላይ ያዛሉ። ኩባንያው የሁሉንም ትእዛዝ ደምሮ በኢንተርኔት ወደ ማኅበራችን ስልክ ይልካል። ስልኩ ካቱሬ ዘንድ ነው። ዋጋውም አብሮ ይመጣል፣ ሙዙ ገና ግንዱ ላይ እያለ! የታዘዘውን ያህል ብቻ እንቆርጣለን። ማኅበሩ በሠራው መጠለያ ሥር ይመዘናል፣ በፕላስቲክ ሳጥን ይደረደራል፣ ሳጥኑ መኪና ላይ ሳይወጣ ገንዘቡ ስልኬ ውስጥ ጢን ብሎ ይገባል። ማዳበሪያም በዚያው ይታዘዛል። ድርቅ ቢመጣ የሚክስ ኢንሹራንስም አለው ትላለች ካቱሬ። እሱን ገና አላመንኩትም።

የመጀመሪያው ቀን ሚዛኑ አጠገብ አንዲት ልጅ እግር ቆማለች። እኔም እንደ ለመድኩት ወገቤን ይዤ ቀረብኩ።

«ልጄ፣ ትንሽ ጣል አድርጊበት እንጂ።»

«አባባ፣ ሚዛን እኮ አይለመንም።»

«እሺ፣ አንዴ በጥፊ ምቺውና ቀጭን ነው በዪ።»

«ለምን እመታዋለሁ? ምን አደረገኝ?»

ተመዘነ፣ ተከፈለኝ፣ ቤቴ ገባሁ። ገና ረፋድ ነበር። ካንተ ጋር ተሳድበን እስክንጨርስ እኮ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆም ነበር! የማደርገው ጠፍቶኝ የተጠረገ ግቢ ደግሜ ጠረግሁ። ንካታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ምን ልበላት? የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ ልበላት?

እንዳታዝንልኝ ግን። ደልቶኛል። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ በርሜል ከጣሪያዬ ሥር ቆሟል፤ ንካታ ወንዝ መውረድ ትታለች። አንዲት ላምም ገዝቻለሁ። በልታ ስለማትጠግብ «ዋሆሜ» ልላት ፈልጌ ነበር፣ ንካታ ከለከለችኝ። ጧት ተነስቼ የሙዜን ዋጋ ስሰማ ደረቴ ይነፋል። በዚህ ዕድሜዬ የላቤን ዋጋ ሳልለምን ማወቄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ይህን ላንተ ብዬ አላሳንሰውም።

የመጣህባትን የመጨረሻዋን ቀን አንተም አልረሳሃትም። ክላክስህን ደጋግመህ ነፋህ፣ የከፈተልህ በር አልነበረም። ሰው ሁሉ ሙዝ ቅጠል ውስጥ ቆሞ ያይሃል። እኔ ግን ወጣሁ። አልሸጥልህም ልልህ ነው የወጣሁት፣ ግን ወጣሁ። ለካቱሬ «ተደበቁብኝ» ስትል እኔንም ጨምረህ እንደሆነ ውሸታም ነህ።

«ስንት ሰጡህ?» አልከኝ።

ነገርኩህ።

ሳቅክ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮህ አላለፈም። «ሽሜ፣ ስልኩ ዛሬ ይስምሃል፣ ነገ ይረሳሃል። ደግሞም ስልክ ዳገት አይወጣም።»

«አንተ ትወጣለህ፤ ግን ስትወጣ እጅህ ኪሴ ውስጥ ነው» አልኩህ።

በሩን ድርግም አድርገህ ዘጋህ። ባዶው አይሱዙ እንደ ጣሳ እየተንኳኳ ወረደ። ድምፁ ከሸለቆው ሥር እስኪጠፋ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ካቱሬ ጽፋዋለች፣ ቀና ብላም አየችኝ። ጻፊ እንጂ ምን ታይኛለሽ ብያታለሁ።

ያልከው ደረሰ፤ ደስ ይበልህ። የመጋቢት ዝናብ ሲገባ የኩባንያው መኪና ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተኛ። ሾፌሩ ደኅና ነው፣ ልጅ ነው፣ ጭቃ አያውቅም። ሙዛችን መጠለያው ሥር ሆኖ ሲጠብቅ ቢጫ ሆነ። ኩባንያው የሚቀበለው አረንጓዴውን ብቻ ነው። ለሌላ እንሽጠው ብንል መንገድ የለም። መንደሩ ሁሉ ሙዝ በላ፣ ላሟም በላች፣ በመጨረሻ እሷም ሰለቻት። ከዚያ ኩባንያው «መኪናችን ከእንግዲህ አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ እስከዚያ የሚያወርድ ሰው እናንተ ምረጡ፣ በኪሎ እንከፍለዋለን» ብሎ መልእክት ላከ።

ባለመኪና በኢንተርኔት ይፈለጋል አሉን። ስልኩ ላይ ስማቸው ከነኮከባቸው ተደርድሯል። ጎበዝ የተባለው አምስት ኮከብ አለው። አንዱ ባለአምስት ኮከብ መጣ። ከዳገቱ ሥር ወረደና ቀና ብሎ አየ። በስልኩ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ኮከቦቹን ይዞ ተመለሰ።

መጠለያው ሥር ተሰበሰብን። «ዋሆሜን እንጥራው» አልኩ። ጎረቤቴ ሙዊሪጊ ብድግ አለ፤ በሠርጉ ዋዜማ ሙዙን በአመድ ዋጋ የገዛኸው ሙዊሪጊ።

«ያንን ጅብ? ስንት ዓመት ለፍተን ካባረርነው በኋላ?»

«አዎ፣ ያንን ጅብ።»

«አባባ ምሪንታሪ፣ ከሁላችን በላይ የተሰረቅኸው እኮ አንተ ነህ!»

«ለዚያ ነው የምናገረው። ምን ያህል እንደሚሰርቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

ሳቁ። ሲስቁ ጊዜ የረሱትን አስታወስኳቸው። ንካታ ሆዷን አሟት መሬት ላይ ስትንከባለል፣ መንገዱ ጭቃ፣ መኪናህ ደግሞ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ያን ሁሉ ጭነት ይዘህ ቁልቁለቱን መፍጠን እንደማትችል ስታውቅ የጀርባውን በር ከፍተህ ሙዙን ጭቃው ላይ ደፋኸው። የእኔን አይደለም፣ አንተ የከፈልክበትን። እሷን ፍራሽ ላይ አስተኝተህ ንኩቡ ሆስፒታል አደረስካት። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለ፣ ቀሪውን አልጨረሰውም። ለነዳጅ እንኳ አልጠየቅኸኝም። ላመሰግንህ ስዘጋጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓርብ መጥተህ ዘለላዬን በጥፊ መታህና «አጽም» አልክ። ምስጋናዬ አፌ ውስጥ ደረቀ። መች ፋታ ሰጠኸኝ? ወዲያው ነው መስረቅ የጀመርከው።

«ሌባ ነው» አልኳቸው፤ «ግን ሰው ሲጨንቀው የገዛ ጭነቱን የሚደፋ ሌባ ነው። ባለኮከቦቹ ምን እንደሚደፉ አላውቅም።»

ሙዊሪጊ ጺሙን አከከ። «እንግዲያው ሁለት ሚዛን ይሁን። አንዱ እዚህ፣ አንዱ አስፋልቱ ላይ።»

«ይሁን። ያለ ሚዛን ነው የኖረው፤ ሁለት ሲሆንበት ያመዋል እንጂ አይገድለውም።»

እጅ ወጣ። ሙዊሪጊም መጨረሻ ላይ ግማሽ ክንዱን አወጣ፤ ሙሉውን ከእሱ አትጠብቅ።

እንግዲህ የተወሰነው ይህ ነው። በኪሎ ይከፈልሃል፣ በስልክህ፣ አስፋልቱ ላይ ሳጥኑ ሲወርድ። ስትመለስም ባዶ አትወጣም፤ ያዘዝነው ማዳበሪያ እዚያው ይጠብቅሃል። ከጎተራዬ አጠገብ ያለውን ክፍል ለማደሪያህ ንካታ አስጠርጋዋለች። በሳምንቱ መጨረሻ ናይሮቢ ልጆችህ ዘንድ ትወርዳለህ።

ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ገዝቼ የምሸጥ ነጋዴ ነበርኩ፣ አሁን የሰው ሳጥን ተሸካሚ ልሁን?» ትላለህ። እኔስ ምን ነበርኩ? በዚህ አካባቢ እንደ እኔ ዋጋ የሚከራከር ሽማግሌ ነበረ? ዛሬ አንዲት ልጅ እግር ቁጥር አንብባ ታሰናብተኛለች። ዘመኑ ሁለታችንንም ከወንበራችን አውርዶናል። የእኔ መውረድ ሆዴን አልጎዳውም፤ ያንተም አይጎዳህም። ናይሮቢ ካለው ከማሪኪቲ ገበያ የሚመጣ ሾፌር ዋሆሜ የሠርግ ወንበር ያመላልሳል ብሎ ነግሮናል። አይሱዙ ለወንበር! እኔ ብሆን ይህን ሲያወሩብኝ ከምሰማ ጭቃ ውስጥ ብሰምጥ ይሻለኛል።

ናፍቀኸኛል የሚል ቃል ካቱሬ ጨምራ ልትጽፍ ነበር። ከልክያታለሁ። «አባባ፣ እውነት ነው እኮ» አለችኝ። እውነት ሁሉ አይጻፍም። ንካታ ግን ሰላም ብላሃለች፤ የእሷ ሰላምታ የራሷ ነው፣ እኔን አይመለከትም።

ካቱሬ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስታ ስትልከው እኔ ከበርጩማዬ ሳልነሳ ይደርስሃል ትላለች። ስለዚህ አልደረሰኝም አትለኝም። ከደብዳቤው ጋር ስልክህ ላይ የሥራው ጥሪ ይመጣል፤ «እሺ» የሚለውን መንካት ብቻ ነው ያንተ ፋንታ። ጣትህ ሽልንግ ስትቆጥር ፈጣን ነበረች፣ አሁን አትለግም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የመንደሩ ሰው ሙዙን የሚቆርጠው ያንተን «እሺ» ካየ በኋላ ነው። ጅል አይደሉም፤ የተቆረጠ ሙዝ ግንዱ ላይ ተመልሶ አይቀጠልም። እኔ ግን መልስህን አልጠብቅም። ሐሙስ ጠዋት፣ ከሁሉ በፊት፣ የደረሰውን ሁሉ እቆርጣለሁ። ከመጣህ ዓርብ የመጀመሪያው ጭነትህ የእኔ ነው። ካልመጣህ የሚበሰብሰው የእኔ ብቻ ነው፤ ሙዊሪጊም በሕይወቴ ሙሉ ይስቅብኛል።

ገጀራዬን ስያለሁ።

ምሪንታሪ
(ይህ የአውራ ጣቴ ምልክት ነው)