ብስክሌቶቻችንን ላሞቁልን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ቬዮ ሃፓሳሪ
የቤቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር
ኦውሉ፣ ፊንላንድ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ ደብዳቤ እንደ ወትሮዎ በእጅጌ ጉርድ ካናቴራ መስኮትዎ ዳር ቆመው፣ እኛ በበረዶው ላይ ብስክሌት ስንጋልብ እያዩ ከልብዎ ሲያዝኑልን እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ የሦስተኛው ፎቅ ጎረቤትዎ ሶይንቱ ኬራኔን ብዕር ያነሳሁት ለምስጋና ነው። ደብዳቤውን መግቢያው በር ላይ የለጠፍኩትም ይህን ያህል ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር ስለሆነብኝ ነው።

አንደኛ፦ ከአገራችን ደቡብ መጥተው በተሾሙ በመጀመሪያው ክረምት፣ የብስክሌት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ማሞቂያ ስላስገቡልን እግዜር ይስጥልን። በስብሰባው ላይ ተነስተው፣ «ሰውስ ይደርባል፤ ይቺ ምስኪን ብረት ምን ትደርብ?» ሲሉ የሳቅን ሰዎች ዛሬ ሳቃችን ጠፍቷል። አባቶቻችን ክረምቱን ሙሉ ብስክሌታቸውን ደጅ ያሳድሩ የነበረው ቤት አጥተው አልነበረም። ብርድ ላይ ያደረ በረዶ ደረቅ ነው፤ መታ ሲያደርጉት ይራገፋል። ሙቀት ያገኘ በረዶ ግን ውኃ ሆኖ ፍሬኑ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጠዋት ደጅ ሲወጣም እዚያው ድንጋይ ይሆናል። እዚህ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እርስዎ ግን ሕፃንን የማይሰሙ ትልቅ ሰው ነዎት።

ሙቀት ጠልተን እንዳይመስልዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና በምንለው የእንፋሎት ክፍል ውስጥ ራሳችንን የምንቀቅል ሕዝብ ነን። ብስክሌታችንን ይዘን ግን አንገባም።

ሁለተኛ፦ «ደጅ የታሰረ ብስክሌት ሰንሰለቱ ተቆርጦ ወደ ሙቀቱ ይገባል» የሚለውን ማስታወቂያ ለጥፈው ብቻ ዝም ስላላሉ አመሰግናለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን የሄልካን ብስክሌት ሰንሰለቷን በገዛ እጅዎ ቆርጠው፣ ከማሞቂያው አጠገብ የክብር ቦታ ሰጥተዋታል። እኔም ጠዋት እዚያ ሳገኛት ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ነገሩን በማግስቱ ልነግርዎ አሰብኩ፤ ሄልካም በዚያችው ብስክሌት ወጣች።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያን ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ዲግሪ ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ሥር ወደሚያልፈው መሿለኪያ በሚወስደው ቁልቁለት ሄልካ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን እየወረድን ነበር። ከታች በረዶ የሚጠርገው ትራክተር ብቅ አለ። ፍሬን እንድትይዝ ጮህኩላት። እሷ ግን ቀድሞውንም ይዛ ነበር፤ ብስክሌቷ ናት እንቢ ያለቻት። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እማ፣ አልይዝ አለኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ያን ፊቷን እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ራሷን ከነብስክሌቷ ዳር ወደተከመረው በረዶ ወረወረች። ትራክተሩ ያለፈው በእግሯ ጫፍ በኩል ነው።

ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ወርዶ አነሳት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ሌላው ደህና ነው። ከዚያ የፍሬኑን ሽቦ በጣቱ ዳሰሰና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ብስክሌት ቤት ውስጥ ነው ያደረው?»

«አዎ» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ልጅሽን ልትገድያት ነው?»

በእርስዎ ፈንታ የተሰደብኩትን ስድብ በአደራ ይዤዋለሁ፤ በፈለጉት ጊዜ አስረክባለሁ።

አራተኛ፦ የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስመለስ በርዎን ባንኳኳ፣ እንደ ሳውና ላብ ከሚያስወጣ ሳሎንዎ ውስጥ በፈገግታ ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ሁሉንም ነገርኩዎት። እርስዎም ዓይንዎ እንባ አቅርሮ፣ «ውይ ልጄን! ሙቀቱ አንሷት ነዋ! ግድ የለሽም፣ እጨምርበታለሁ» አሉኝ። ቃልዎን አላጠፉም። በማግስቱ የብስክሌቶቹ ክፍል ካፖርት የሚያስወልቅ ሆኖ አገኘሁት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እፈራዎታለሁ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እለምንዎ፣ ቢብስብኝም እከስዎ ነበር። ለልጄ እንባ አቅርረው ማሞቂያ የሚጨምሩልንን ደግ ሰው ግን ምን ብዬ ልመልሳቸው? ሄልካ ቁልቁለቱን ብስክሌቷን እየገፋች በእግሯ እንድትወርድ አስምያታለሁ። ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ እየጋለቡ ሲያልፏት እስከ መቼ ትጸናለች? እነሱስ ቢሆኑ የማን ልጆች ናቸው? ሥራ ቦታ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከቁልቁለቱ የመጣ ወሬ መስሎኝ ሥራዬን ጥዬ እነሳለሁ። ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ማሞቂያውን ያጥፉልን። ልዘንላችሁ ካሉ ከመስኮትዎ ሆነው ይዘኑልን፤ ያኛው ሐዘንዎ ማንንም አልጎዳም።

ሳሎንዎ እንደሞቀ፣ ደግነትዎ ግን ጥቂት በረድ እንዲልልን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከእሱም ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር እሰናበታለሁ።

ሶይንቱ ኬራኔን
የሄልካ እናት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የሄልካን ብስክሌት የምሸሽግበት ቦታ ፍለጋ ከሰፈራችን ሱቅ ጀርባ ብሄድ፣ ከጥዱ ሥር አንዲት አረንጓዴ ብስክሌት ቀድማን ታስራ አገኘሁ። አጠገቧ ቆመው ከመቀመጫዋ ላይ በረዶ የሚያራግፉት የእርስዎው ባለቤት፣ ወይዘሮ አይራ ነበሩ። ምስጢራቸውን ስላወጣሁባቸው ይቅር ይበሉኝ፤ የሌሎቹ ልጆች ብስክሌት አሁንም እርስዎ ዘንድ እየሞቀ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሲያዩኝ ደንግጠው እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦ «አደራሽን፣ ለቬዮ እንዳትነግሪው። ደስ ብሎታል፣ ደስታውን ለምን እነጥቀዋለሁ? እኔ ግን መሞት አልፈልግም።»