ወለላ ያጠበችው መዝገብ

ልጄ እስከዳር፣ የአብርሃም አምላክ በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ። ልጆቹን ሳሚልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጎንደር ብርዱ በርትቷል።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመንደራችንን ቤተ እስራኤል ልደትና ሞት የሚጽፍበትን መዝገብ ታስታውሻለሽ? ከመንደር ስንወጣ ለክርስቲያኗ ጎረቤታችን ለወለላ አደራ ሰጥተናት ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚህ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ምን ዋጋ አለው! ድሮ ለንጽሕና ብለን ከክርስቲያን እጅ የተቀበልነውን ዕቃ በውሃ ሳንነክር ቤት እንደማናስገባ አልረሳችምና፣ እኛን አክብራ መዝገቡን ወንዝ ወርዳ ነከረችው፤ በፀሐይ አድርቃ አመጣችልኝ። ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል። ምን ልበላት? «ሸጋ አድርገሻል» ብዬ ሸኘኋትና ተቀምጬ አለቀስኩ። እስራኤል እንድገባ የሚወስኑት ሰዎች የአያት ቅድመ አያቶቼን ስም ከነማስረጃው ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ መርሳት ጀምሬያለሁ።

እዚያ እስራኤል አንቺ ዘንድ ያለው አጎትሽ፣ ወንድሜ አያ አወቀ ሳይደክም፣ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ስትጽፊ ግን በእርሳስ ይሁን። አንቺ የተወለድሽ ቀን ቀለም አልቆበት፣ አባትሽ በእርሳስ ነበር የጻፈሽ። ከመዝገቡ ሁሉ ዛሬ የሚነበበው ያንቺ ስም ብቻ ነው። እሱን ከውሃ ያተረፈ አምላክ አንቺን ያቆይልኝ።

እናትሽ እጅጋየሁ